ዘማሪ ወፎች ዝማሬያቸውን እንዴት ይማራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካናሪ የሚባሉትን ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ማሳደግ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው ቤት ሲመጣ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ያው ተመሳሳይ ነው፣ "ይሄን ዜማ ማን አስተማረው?" ይሉኛል። አብዛኛው ሰው እየቀለደ ነው የሚጠይቀው፣ እኔ ግን የምር ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በእርግጥም ያስተማረው አለ። የሚጠየቁትን ሰብሰብ አድርጌ እንደሚከተለው ጽፌያለሁ።

ሁሉም ወፍ ነው እንዴ ዝማሬ የሚማረው?

አይደለም። ዶሮ ጩኸቷን ከማንም አልተማረችም፣ እርግብም እንደዛው፣ ብቻቸውን ቢያድጉም ሲደርሱ የዘራቸውን ድምፅ ያወጣሉ። ድምፅ የሚማሩት የወፍ ወገኖች ሶስት ናቸው፦ በቀቀኖች፣ ሀሚንግበርድ የሚባሉት በጣም ትንንሾቹ የአበባ ማር ጠጪዎች፣ እና ዘማሪ ወፎች። በዓለም ላይ ካሉት 10,000 ገደማ የወፍ ዝርያዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ዘማሪ ወፎች ናቸው፣ ስለዚህ ጥቂት እንዳይመስላችሁ። ቁራ ራሱ ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው፣ ድምፁን ለሰማ ማመን ይከብዳል ግን ነው።

መማራቸው በምን ታወቀ? በደማቸው ሊሆን አይችልም?

ይሄ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ነበር፣ ምክንያቱም ድምፅን በጆሮ ብቻ እየሰሙ "ይሄ ከዛ ይለያል" ማለት ያስቸግራል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊልያም ቶርፕ ድምፅን ወደ ስዕል የሚቀይር ማሽን ይጠቀም ጀመር፣ አንዱን ዜማ ወረቀት ላይ እንደ ፊርማ ማየት ማለት ነው። ከዛ ቻፊንች የሚባሉ ወፎችን ጫጩት እያሉ ወስዶ ትልቅ ወፍ ሳይሰሙ አሳደጋቸው። ሲያድጉ ዘመሩ፣ ግን ምን ዓይነት ዝማሬ፣ ርዝመቱ የሚቀራረብ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ዝርዝሩ የሌለበት። ጫጩት እያሉ የዘራቸውን ዜማ በቴፕ የሰሙት ደግሞ ትክክለኛውን ዘመሩ።

ቀጥሎ ፒተር ማርለር ነው የመጣው፣ እሱ የሰራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጭ አክሊል ባላት ድንቢጥ ላይ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ከ10ኛው እስከ 50ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሰሙትን ቴፕ ይይዛሉ፣ ከዛ በኋላ የሚሰሙትን ቴፕ አይቀበሉም። የሌላ ድንቢጥ ዜማ ብቻ ሲያሰማቸውም አልተማሩትም፣ ማለት ገና ጫጩት ሆነው "ይሄ የኔ ነው፣ ይሄ የኔ አይደለም" የሚል ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ "በደም ነው ወይስ በትምህርት" ለሚለው መልሱ ሁለቱም ነው፣ ምን መማር እንዳለበት የሚጠቁመው በደሙ ይመጣል፣ ዜማው ራሱ ግን ከሌላ ወፍ ነው የሚመጣው።

እኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የማርክ ኮኒሺ ሪሰርች ነው፣ 1965 የወጣው። ኮኒሺ ዜማውን ሰምተው የያዙ ግን ገና መዘመር ያልጀመሩ ወፎችን መስማት እንዳይችሉ አደረጋቸው። ዜማው ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ እኮ፣ ሰምተውታል። ግን ሲያድጉ ያወጡት ድምፅ የተበላሸ ሆነ፣ ከነጭራሹ ሰምቶ ከማያውቀውም የባሰ። ለምን ቢባል ወፉ የራሱን ድምፅ እየሰማ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው ጋር ማመሳከር ስላልቻለ ነው። መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ የራስን ድምፅ መስማትም ግድ ነው።

ከማን ነው የሚማሩት? ከአባታቸው?

እንደ ዝርያው ነው። ሪሰርቸሮች አብዝተው የሚያጠኑት ዜብራ ፊንች በብዛት ከአባቱ ይማራል፣ ሌሎቹ ግን ጎጆ ለቀው ከወጡ በኋላ ከጎረቤት ነው የሚቀዱት፣ ሶንግ ስፓሮው የምትባለው ድንቢጥ ለምሳሌ ከአንድ በላይ ጎረቤት እያዳመጠች ትይዛለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አስተማሪው በአካል መኖሩ ከቴፕ ጋር በጭራሽ አይወዳደርም። ማርለር 50 ቀን ላይ ይዘጋል ያለው በር በሌላ ጥናት በህይወት ያለ ወፍ አጠገባቸው ሲደረግ ከዛም በኋላ ተከፍቶ ተገኝቷል፣ እንደውም የሌላ ዝርያ ወፍ ቢሆንም ተማሩት። ዜብራ ፊንች ላይ ደግሞ ትልቁ ወፍ ለልጅ ሲዘምር አዘማመሩን እንደሚቀይር ታይቷል፣ በመሃል ያለውን ዝምታ ያስረዝማል፣ መግቢያውን ይደጋግማል፣ ልክ እኛ ለህፃን ስናወራ ቀስ እንደምንለው። ልጁም የበለጠ ትኩረት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

በሌላ ዝርያ ጎጆ ያደገ ጫጩትስ? የማንን ዜማ ይይዛል?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ካውበርድ የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ነው የምትሄደው፣ ጫጩቱን የሚያሳድጉት ባዳዎች ናቸው፣ ግን ሲያድግ የአሳዳጊዎቹን አይዘምርም፣ የዘሩን ነው የሚዘምረው። የሚገርመው ወንዱን የምታርመው ሴቷ መሆኗ ነው፣ እሷ ራሷ አትዘምርም፣ ግን የወደደችው ክፍል ሲመጣ ክንፏን ብልጭ ታደርጋለች፣ እሱም ያንን አይቶ ያንን ክፍል ይደጋግማል። አንድ ድምፅ ሳታወጣ ዜማ ታስተምራለች ማለት ነው።

አፍሪካ ውስጥ ያሉት ኢንዲጎበርድ የሚባሉት ትንንሽ ጥቁር ወፎች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። እነሱም ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ያድጋሉ፣ ወንዱ ግን የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይይዝና ሲያድግ እሱን ይዘምራል፣ ሴቷም በእነዛው አሳዳጊዎች ቤት ስላደገች ያንን ዜማ የሚያውቀውን ወንድ ትመርጣለች፣ እንቁላሏንም እነሱ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች።

ጫጩቱ ዝም ብሎ የሚቀመጥባቸው ሳምንታት ላይ ምን እየሆነ ነው?

እየያዘ ነው። መማሩ ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ መስማትና መያዝ፣ ቀጥሎ መለማመድ። በአንዳንድ ዝርያ በሁለቱ መሃል ወራት ያልፋሉ፣ በበጋ የሰማውን ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በሚቀጥለው ፀደይ ያወጣዋል፣ በመሃል ያንን ዜማ አንዴም ሳይሰማ። ዜብራ ፊንች ላይ ሁለቱ ይደራረባሉ፣ ከ25 ቀን አካባቢ እስከ 65 ቀን ይይዛል፣ ከ35 ቀን ጀምሮ ደግሞ ልምምድ ይጀምራል፣ 90 ቀን ሲሞላው ዜማው ይረጋል።

ናይቲንጌል የሚባለው ወፍ ላይ በርሊን የተሰራው ጥናት የመያዝ አቅማቸውን በደንብ ያሳያል። አንድ ወንድ ናይቲንጌል ወደ 200 የሚጠጋ የተለያየ ዜማ ይዞ ይገኛል፣ አንዱን ዜማ ለመያዝ ከ10 እስከ 20 ጊዜ መስማት ይበቃዋል። ደግሞ ተከታታይ ሆነው የሰማቸውን ዜማዎች በጥቅል በጥቅል አድርጎ ነው የሚያስቀምጣቸው፣ ሲዘምርም አንድ ጥቅል ውስጥ ያሉት ተከታትለው ይመጣሉ። እኛ ስልክ ቁጥር ለመያዝ ከፋፍለን እንደምንለው ማለት ነው።

ከእንቁላል ውስጥ ጀምረው የሚማሩም አሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ፌሪሬን የሚባለው ወፍ እናቲቱ እንቁላሉ ላይ ተቀምጣ አንድ የራሷ ጥሪ ታሰማለች፣ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ምግብ ሲለምኑ ከዛ ጥሪ አንዱን ድምፅ ይጠቀማሉ፣ ወላጆቹም የራሳቸውን ልጅ ከገባው ባዳ ጫጩት ለመለየት ይረዳቸዋል። ይሄ 2012 ላይ ነው የታተመው፣ በጥብቅ ሲነገር ዝማሬ ሳይሆን የምግብ መለመኛ ጥሪ ነው፣ ግን መስማት ከመፈልፈል በፊት እንደሚጀምር ያሳያል።

ልምምዱ ምን ይመስላል?

ካናሪ ያላችሁ ሰምታችሁታል፣ ምናልባት ወፉ የታመመ መስሏችሁ ይሆናል። ወጣቱ ወፍ አንድ ጥግ ይዞ፣ አንዳንዴ አይኑን ግማሽ ጨፍኖ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል፣ ቅርፅ የለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ የለው፣ ህፃን ልጅ "ባ ባ ባ" እንደሚለው ነው። እኔ ይሄን ድምፅ ካለቀለት ዝማሬ የበለጠ ነው የምወደው፣ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ሳዳምጠው ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ እሰማለሁ።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ ላይ የአስተማሪው ዜማ ቁርጥራጭ መሰማት ይጀምራል፣ ግን ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል፣ አንዱን ክፍል ያስረዝማል፣ አንዱን ይዘላል፣ አንዳንድ ዝርያ ሲያድግ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ዜማ ይለማመድና በኋላ ግማሹን ይጥለዋል። ከዛ አንድ ቀን ይረጋል። የረጋ ዜማ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ዜብራ ፊንች ያለውን ዛሬ ቀድታችሁ በዓመቱ ብትቀዱ ስዕሉ ላይ ብዙም ልዩነት አታዩም።

ጭንቅላታቸው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ልሞክር። 1976 ላይ ፈርናንዶ ኖትቦምና ባልደረቦቹ ካናሪ አእምሮ ውስጥ ለዝማሬ የተመደቡ የሴል ጥርቅሞች እንዳሉ አሳዩ። ሁለት መስመር አለ ብላችሁ ያዙት። አንዱ መስመር የመዘመሪያው መስመር ነው፣ ኤችቪሲ ከሚባለው ጥርቅም ተነስቶ አርኤ ወደሚባለው ይሄዳል፣ ከዛ ወደ ድምፅ ማውጫና መተንፈሻ ጡንቻዎች ይወርዳል። ኤችቪሲ ውስጥ ወደ አርኤ የሚልኩት ሴሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ዜማ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚተኩሱት፣ ማለት ምልክት የሚልኩት፣ ለጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ሁሌም በዛችው ቦታ ላይ። ስለዚህ አንዱ ሲተኩስ ቀጣዩ፣ ከዛ ቀጣዩ እያለ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። 2008 ላይ ይሄን ክፍል ትንሽ ቀዝቀዝ ሲያደርጉት ዜማው እንዳለ ሳይበላሽ ዝግ አለ፣ ሰዓቱ የት እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መስመር የመማሪያው ነው፣ ኤሪያ ኤክስና ኤልማን የሚባሉትን የያዘው። ኤልማን ሆን ብሎ የሚያዘበራርቅ ክፍል ነው፣ ወጣቱ ወፍ በየጊዜው ትንሽ ለየት አድርጎ እንዲሞክር ያደርገዋል። ለጊዜው እንዳይሰራ ሲያደርጉት ወጣቱ ወፍ ወዲያው አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ መደጋገም ይጀምራል፣ መሞከሩን ያቆማል። ሙከራው ከጠበቀው የተሻለ ሲሆን ዶፓሚን የሚባለውን የማበረታቻ ኬሚካል የሚለቁት ሴሎች ይነቃሉ፣ ሲበላሽ ዝም ይላሉ፣ እና የተሻለው እየተያዘ ይሄዳል። ወፉ በራሱ ድምፅ ላይ ራሱን እያረመ ነው፣ ማንም አጨበጨበለት አላጨበጨበለት።

ከሰው ጋር የሚያገናኘው ነገርም አለ። ፎክስፒ2 የሚባለው ጂን ሲበላሽበት ሰው የመናገር ችግር ይገጥመዋል፣ 2007 ላይ ዜብራ ፊንች ኤሪያ ኤክስ ውስጥ ይሄው ጂን ሲቀነስ ወጣቶቹ የአስተማሪያቸውን ዜማ ጎዶሎና ትክክል ባልሆነ መንገድ ቀዱት።

ተኝተውም ይለማመዳሉ የሚባለው እውነት ነው?

ድምፅ አያወጡም፣ ግን አእምሯቸው ይለማመዳል። ወፉ ሲዘምር የሚተኩሱት የአርኤ ሴሎች ተኝቶም በዛው ቅደም ተከተል ሲተኩሱ 2000 ላይ ታይቷል። ከዛ ደግሞ 2005 ላይ የወጣ አንድ ነገር አለ፣ ወጣት ዜብራ ፊንች ጠዋት ሲነሳ ዜማው ከማታው የባሰ ነው፣ ተበላሽቶ ያድራል፣ ከዛ ጠዋቱን በብዛት ሲዘምር ይስተካከላል። "እንግዲህ እንቅልፍ ጎዳው" ትሉ ይሆናል፣ ግን ጠዋት ጠዋት የባሰ የተበላሸባቸው ወጣቶች ናቸው በመጨረሻ አስተማሪያቸውን የበለጠ አስመስለው የቀዱት።

አንዴ ከተማሩ አይረሱም?

ሁለት ዓይነት ወፍ አለ። ዜብራ ፊንችና ቅድም ያልናት ነጭ አክሊል ያላት ድንቢጥ አንዴ ተማሩ አበቃ። ካናሪ ግን በየዓመቱ ዜማውን ይቀያይራል፣ ስታርሊንግ የሚባለው ወፍም እያረጀ አዳዲስ ይጨምራል። ካናሪ ላይ ኤችቪሲ የሚባለው ክፍል በፀደይ ሲሆን በመኸር ካለው ወደ እጥፍ ይተልቃል፣ የቀን ብርሃን ሲረዝም ቴስቶስተሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይጨምራል፣ እሱ ሲጨምር ክፍሉ ያድጋል። የኖትቦም ቡድን ይሄን ሲከታተል ነው 1980ዎቹ ላይ በአዋቂ ወፍ አእምሮ ውስጥ አዳዲስ ሴሎች እንደሚወለዱ ያገኘው፣ ያኔ ደግሞ አዋቂ አእምሮ አዲስ ሴል አይፈጥርም የሚለው ነበር በየመፅሐፉ የተጻፈው።

የተማሩ ወፎች እንኳን መስማት ያስፈልጋቸዋል ወይ ለሚለው፣ አዋቂ ዜብራ ፊንች መስማት ሲያቆም ዜማው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይበላሻል። የረጋ ነው ብንልም ጆሮው በየቀኑ እየጠበቀለት ነበር ማለት ነው።

የራሱን ብቻ አይደለም የሚያስታውሰው፣ የሌላውንም ነው። ሁድድ ዋርብለር የሚባለው ስደተኛ ወፍ ለክረምት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሄዶ ወራት ቆይቶ ሲመለስ ያምናውን ጎረቤቱን በዜማው ያውቀዋል፣ ድምፁ ከለመደው አቅጣጫ ከመጣ ዝም ይለዋል፣ ካልለመደው አቅጣጫ ከመጣ ግን ተነስቶ ይሄድበታል። ይሄ 1991 ላይ ነው በስፒከር የተፈተነው።

ለምንድነው ግን የሚዘምሩት?

በዋናነት ለሁለት ነገር፣ "ይሄ ቦታ ተይዟል" ለማለትና ሴት ለመጥራት። የመጀመሪያውን ጆን ክሬብስ 1970ዎቹ ላይ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለ ጫካ አሳየ፣ ግሬት ቲት የሚባሉትን ወፎች ከቦታቸው አነሳና በምትካቸው ስፒከር አስቀመጠ፣ የወፉን ዜማ የሚያጫውተው ቦታ ላይ አዲስ ወፍ ለመግባት ዘገየ፣ ዝም ያለው ቦታ ግን ቶሎ ተያዘ። ብዙ ዓይነት ዜማ የሚያሰማው ስፒከር ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ከሚያሰማው የበለጠ ጠበቀ።

ከዛ በላይ ግን ንግግርም አለው። ሶንግ ስፓሮው ወንዱ 8 ገደማ ዜማ ያውቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራቸውም አሉ። ጎረቤቱ አንዱን ሲዘምር ያንኑ መልሶ ከዘመረ ጠብ እየፈለገ ነው፣ የሚጋሩትን ግን ሌላውን ዜማ ከመለሰ "አውቄሃለሁ" ብቻ ነው፣ የማይጋሩትን ከዘመረ ደግሞ ነገሩን እያበረደ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት መማር ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፣ የጋራ ቃል ከሌለህ ከጎረቤትህ ጋር መነጋገር አትችልም።

ሴቷን በተመለከተ፣ ሴት ካናሪ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ የያዘ፣ በሰከንድ ወደ 17 ጊዜ የሚደጋገም ክፍል ስትሰማ ከሌላው በላይ ትማረካለች። ለመስራት ከባድ ነው፣ ከባድ በመሆኑ ነው የሚያሳምናት። ወንድ ዜብራ ፊንችም ለሴት ሲዘምር ብቻውን ሲሆን ከሚዘምረው የተስተካከለ ነው፣ ብቻውን ሲሆን እየሞከረ ነው፣ እሷ ስትኖር ሙከራ የለም።

በአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ እንዴት ይወጣል?

ጉሮሮው ላይ አይደለም ድምፁ የሚወጣው። የንፋስ ቧንቧው ለሁለት ሳንባ ሲከፈል መገናኛው ላይ ሲሪንክስ የሚባል የድምፅ ሳጥን አለ፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይታዘዛል። ካርዲናል የሚባለው ቀይ ወፍ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ አንድ ድምፅ ሲያሰማ ከታች ያለውን በግራ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ ቀኝ ያቀብለዋል፣ መቀባበሉ ግን ለጆሮ አይሰማም።

ሴቶቹስ አይዘምሩም?

ይዘምራሉ! ድሮ "ወንድ ብቻ" ይባል የነበረው ሪሰርቸሮቹ የበዙት ሰሜን አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ስለነበር ነው፣ እዛ ያሉት ወፎች ሴቶቹ ብዙ አይዘምሩም። 2014 ላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዝርያዎች ሲታዩ መረጃ ከተገኘላቸው ውስጥ 71 በመቶዎቹ ላይ ሴቷ ትዘምራለች፣ የመጀመሪያዎቹ ዘማሪ ወፎችም ሴቶቻቸው ይዘምሩ ነበር የሚል ነው መደምደሚያው። ይሄ ስህተት ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ያናድደኛል፣ ወፎቹ እየዘመሩ እኮ ነበር።

ካናሪዬ መዝሙሩን አቆመ፣ ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ ወንድ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ፣ ሴት ካናሪ ብዙም አትዘምርም። ወንድ ከሆነና ላባ እየቀየረ ከሆነ ያ የተለመደ ነው፣ ላባ ሲያበቅል አቅሙን እዛ ላይ ያደርጋል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። ላባ ሳይቀይር ተነፋፍቶ ከተቀመጠ፣ ምግብ ከተወ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካለው ግን አትጠብቁ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የሌላ ወፍ ድምፅ የሚቀዱትስ?

ማርሽ ዋርብለር የሚባለው ትንሽ ወፍ አውሮፓ ይፈለፈልና ክረምቱን አፍሪካ ያሳልፋል። 1979 ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንዱ ወንድ በአማካይ ከ70 በላይ የሌሎች ዝርያዎችን ድምፅ ቀድቶ ይዟል፣ ከግማሽ የሚበልጡት የአፍሪካ ወፎች ናቸው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ቁጥቋጦ ላይ ሆኖ ሲዘምር የሄደበትን መንገድ እየዘመረ ነው፣ የሚያውቅ ሰው የት የት እንደነበረ ከዜማው ማንበብ ይችላል።

እንደ ሰው ቋንቋ ዘዬ አላቸው ይባላል፣ ይቀየራል?

አላቸው፣ ይቀየራልም። ነጭ አክሊል ያላት ድንቢጥ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በጥቂት ኪሎሜትር ርቀት ዘዬዋ ይለያያል። ለውጡን በደንብ ያየነው ግን ነጭ ጉሮሮ ያላት ድንቢጥ ላይ ነው፣ ካናዳ ውስጥ ዜማዋ ሶስት ሶስት በሚደጋገም ድምፅ ነበር የሚያልቀው፣ ምዕራቡ ላይ ግን ሁለት ሁለት ሆኖ ጀመረ፣ ከዛ ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ወደ ምስራቅ እየተስፋፋ ኦንታሪዮ ድረስ ገባና የድሮውን ተካው። ክረምት ላይ ከተለያየ ቦታ የመጡ ወፎች አንድ ቦታ ስለሚሰበሰቡ ወጣቶቹ እዛ እየሰሙ ይዘውት የተመለሱ ይመስላል።

ጫጫታም ይቀይራቸዋል። 2003 ላይ ሆላንድ ባለችው ላይደን ከተማ ውስጥ ጫጫታ ባለበት ቦታ የሚኖሩ ግሬት ቲቶች የመኪና ድምፅ እንዳይውጠው ወፍራሙን ድምፅ ትተው ቀጭን እንደሚያበዙ ታየ። 2020 ፀደይ ላይ በኮሮና ምክንያት ሰው ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ድንቢጦች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ፣ ጫጫታው ስለቀነሰ ዝቅ አድርገውም ከበፊቱ ይልቅ ሩቅ ተሰሙ።

አስተማሪ ቢጠፋስ? ዜማው ይጠፋል?

ሁለት መልስ አለው። ትልቅ ወፍ ሳይሰማ ያደገ ወፍ ዜማው ጎዶሎ ነው ብለናል፣ ዜብራ ፊንችም እንደዛው ነው። 2009 ላይ የወጣው ሙከራ ላይ እንደዚህ ዓይነቱን ወፍ ለወጣቶች አስተማሪ አደረጉት፣ ወጣቶቹ ቀዱት፣ ግን ትንሽ አስተካክለው፣ የነሱ ተማሪዎች ደግሞ የበለጠ አስተካክለው፣ በሶስት አራት ትውልድ ዜማው ወደ ዱሩ ዜማ ተጠጋ። እያንዳንዱ ወጣት በደሙ ያለችውን ትንሽ ጥቆማ እየጨመረበት ነው የሄደው።

ዱር ውስጥ ግን ያን ያህል ጊዜ ላይገኝ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ሪጀንት ሃኒኢተር የሚባል ቢጫና ጥቁር ወፍ አለ፣ ጫካው ስለተመነጠረ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፣ ተበታትነው ስለሚኖሩ ወጣቱ ወንድ አስተማሪ ፈልጎ ያጣል። 2021 ላይ እንደታተመው ከወንዶቹ 12 በመቶ ያህሉ የራሳቸውን ሳይሆን የሌላ ዝርያ ዜማ ነው የሚዘምሩት፣ ያገኙትን ያዙ እንግዲህ፣ ምን ያድርጉ። የዘሩን ዜማ ያልያዘ ወንድ ደግሞ ጎጆ የመስራት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፣ ቁጥራቸው ሲቀንስ ዜማው ይጠፋል፣ ዜማው ሲጠፋ ቁጥራቸው ይቀንሳል። አሁን ለማራባት በሰው እጅ የሚያድጉት ወጣት ወንዶች ወደ ዱር ከመለቀቃቸው በፊት የዱሩ ዜማ በቅጂ ይሰማላቸዋል፣ ዱር ተወልዶ ትክክለኛውን የሚያውቅ ትልቅ ወንድም አጠገባቸው እንዲዘምርላቸው ይደረጋል።